ለዛሬው ልጅ የዛሬውን ዱላ

በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ በረዶ ሆኪ ዱላ አመራረጥ ነው። ደሴ ወይም ጅማ ሆናችሁ ይህን ገጽ የገለጣችሁ «ይህ ደግሞ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ሆኖም ከወገኖቻችን መካከል ኑሯቸውን በቶሮንቶ፣ በኤድመንተን፣ በካልጋሪ፣ በኦታዋና በሚኒያፖሊስ ያደረጉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። በእነዚያ ከተሞች የሚያድጉ ልጆች የበረዶው ወራት ሲገባ በትምህርት ቤት የሚያወሩት፣ በቴሌቪዥን የሚመለከቱት፣ በሰፈር መንገድ ላይ ሳይቀር የሚጫወቱት ሆኪን ነው። አንድ ቀን ታዲያ ልጁ ከትምህርት ቤት ይመለስና «አባዬ፣ እኔም መጫወት እፈልጋለሁ» ይላል። አባትና እናት በልጅነታቸው ያልተጫወቱትን ጨዋታ ዕቃ ሊገዙ ወደ መደብር ይሄዳሉ። እዚያም በግድግዳው ሙሉ በተደረደሩ ዱላዎች ፊት ይቆማሉ። በእያንዳንዱ ዱላ ላይ ቁጥርና ፊደል ተጽፏል። ዋጋውም ከ20 እና ከ30 ዶላር ተነስቶ ከ400 የካናዳ ዶላር በላይ ይደርሳል። የትኛው ይነሳ?

የዛሬው ጽሑፋችን ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ ነው። መልሱን ባጭሩ አስቀድመን እንናገር። ዱላው ዛሬ ፊታችሁ የቆመውን ልጅ የሚመጥን ይሁን። ለከርሞው ልጅ ብላችሁ አትግዙ፤ በቴሌቪዥን የሚታየውን ዝነኛ ተጫዋች አይታችሁም አትግዙ። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሁሉ የዚህ ቃል ማብራሪያ ነው።

«ያድግበታል» የማይሠራበት ዕቃ

በአገራችን ለልጅ ልብስና ጫማ ሲገዛ አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። «ግድ የለም፣ ያድግበታል» ይባላል። ልማዱ ከቁጠባ የመጣ ነውና አንነቅፈውም። እጅጌው የረዘመ ሹራብ ተጠቅልሎ ቢለበስ ልጁን አይጎዳውም። የሆኪ ዱላ ግን እንደ ሹራብ እጅጌ አይጠቀለልም። ከቁመቱ የረዘመ፣ ከጉልበቱ የጠነከረ ዱላ የያዘ ልጅ ዱላውን እንደ ማዘዝ ሰውነቱን ለዱላው ያስገዛል። ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ዝቅ ማለት ሲገባው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የላይኛው እጁ ከሆዱና ከደረቱ ጋር እየተጋጨ እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። የዱላው የታችኛው ክፍልም በረዶው ላይ ተስተካክሎ አይቀመጥም። ልጁ በዚህ ሁኔታ የለመደውን አያያዝ ደግሞ በኋላ ትክክለኛው ዱላ ቢሰጠው እንኳ በቀላሉ አይተወውም።

እኛ በመምህርነት ሥራችን ይህንኑ ነገር በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። ከቁመቱ በላይ የሆነ ዴስክ የደረሰው ሕፃን ትከሻውን ሰቅሎ ይጽፋል፤ ፊደሉም ይወላገዳል። ዴስኩን ልብ ያላለ ሰው «ይህ ልጅ ጽሕፈት አይሆንለትም» ብሎ ይፈርድበታል። በበረዶው ሜዳ ላይም እንዲሁ ነው። ጓደኞቹ ፓኩን ከበረዶው ላይ አንስተው ሲያስፈነጥሩ እሱ ያቃተው ልጅ ጥፋቱን በዱላው ላይ አያይም፤ በራሱ ላይ ያያል እንጂ። በተለይም በቡድኑ ውስጥ በስሙም ሆነ በመልኩ ብቻውን የሆነ ልጅ «ይህ ጨዋታ ለእኔ ዓይነቱ አይደለም» ለማለት ይፈጥናል። ወላጁም ቃሉን ተቀብሎ ዕቃውን ወደ ምድር ቤት ያወርዳል። ልጁ ሳይችል ቀርቶ ሳይሆን ዱላው ሳይመጥነው ቀርቶ የሚቋረጥ ጨዋታ እንዳለ ማወቅ ይገባናል።

ዱላው ምን ምን ክፍሎች አሉት?

ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ ጥቂት እንበል። ሁለት ቡድኖች፣ በአንድ ጊዜ ግብ ጠባቂን ጨምሮ ስድስት ስድስት ተጫዋች አሰልፈው፣ ከሥሩ የብረት ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ይጫወታሉ። በዱላቸው የሚገፉትና የሚመቱት ከጠንካራ ጎማ የተሠራ፣ እንደ ወፍራም ብስኩት ክብና ጠፍጣፋ የሆነ ነገር ሲሆን ስሙ ፓክ ይባላል። ስፋቱ 3 ኢንች፣ ውፍረቱ 1 ኢንች፣ ክብደቱም 170 ግራም ገደማ ነው። ለትንንሽ ልጆች 113 ግራም ገደማ የሚመዝን ቀለል ያለ ሰማያዊ ፓክ አለ። ፓኩን ለልጅ ጉልበት ማቅለል ተገቢ ሆኖ ከተገኘ ዱላውስ ለምን አይመጥንም? ይህን ልብ በሉልን።

የአገራችንን የገና ጨዋታ የሚያውቅ ሰው የሆኪ ዱላ ብዙም አይደንቀውም። በገና ጨዋታ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ከዛፍ ተቆርጦ ሩሯ ትመታበታለች። የሆኪ ዱላም አጀማመሩ ከዚህ አይርቅም። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ የሚኖሩት የሚክማቅ ሕዝቦች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዛፉን የተፈጥሮ ጉብጠት ተከትለው የሆኪ ዱላ ይጠርቡ ነበር። ከዚያው ክፍለ ሀገር፣ ከኬፕ ብሬተን ደሴት የተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ እንደተሠራ የሚነገርለት፣ ከአንድ ወጥ የሜፕል እንጨት የተጠረበ ዱላ አለ። የካናዳ የታሪክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2015 በ300,000 የካናዳ ዶላር ገዝቶታል።

የዛሬው ዱላ ዋና ዋና ክፍሎቹ ሁለት ናቸው። ረጅሙን ክፍል «ዘንግ»፣ ከታች ያለውንና ፓኩን የሚነካውን ጠፍጣፋ ክፍል «ምላስ» ብለን እንጥራቸው። ምላሱ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን «ተረከዝ»፣ የምላሱ መጨረሻ «ጫፍ»፣ የዘንጉ የላይኛው መጨረሻ ደግሞ «አናት» ይሁን። ከዚህ በኋላ በእነዚህ ስሞች እንጠቀማለን።

ግራ ነው ወይስ ቀኝ?

የምላሱ ፊት ትንሽ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ዱላ የግራና የቀኝ ተብሎ ይሸጣል። ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ልጄ በቀኙ ይጽፋል፤ እንግዲያው የቀኝ ዱላ ስጡኝ» ይላሉ። በሆኪ ግን የቀኝ ዱላ ማለት ቀኝ እጅ በዘንጉ ላይ ዝቅ ብሎ የሚይዘው ዱላ ማለት ነው። የግራ ዱላ ደግሞ ግራ እጅ ዝቅ ብሎ የሚይዘው ነው። በቀኙ የሚጽፍ ልጅ የግራ ዱላ ቢመቸው የሚያስገርም አይደለም። ምክንያቱም ዱላውን የሚመራው፣ የሚያዞረው፣ ሌላው እጅ ሲለቅም ብቻውን ይዞ የሚቀረው የላይኛው እጅ ነው። ስለዚህ በርካታ አሠልጣኞች ብርቱው እጅ ከላይ ቢሆን ይመርጣሉ። በካናዳ ከሚሸጡት ዱላዎች የሚበልጡት የግራ ሲሆኑ፣ በአሜሪካ ግን የቀኙ እንደሚበልጥ በገበያው ሲታይ ኖሯል። ይህም ልማድ በምርጫው ውስጥ የራሱ ድርሻ እንዳለው ያሳያል።

ታዲያ የልጃችን የትኛው ነው? ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። የቤት መጥረጊያ ይበቃል። እጀታው ረጅም የሆነ መጥረጊያ መሬት ላይ አስቀምጡና ትንሽ ኳስ ወደ በሩ እንዲገፋበት ልጁን ጠይቁት። እንዴት እንደሚይዝ አትንገሩት፤ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። በሌላ ቀን ደግማችሁ ሞክሩ። በሦስትና በአራት ሙከራ ዝቅ የሚለው እጅ አንድ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። ልጁ ገና የአራትና የአምስት ዓመት ሆኖ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ የሚይዝ ከሆነም አትጨነቁ። ምላሱ ቀጥ ያለ ወይም ጉብጠቱ እምብዛም የማይታይ የሕፃናት ዱላ ግዙለት፤ ጊዜው ሲደርስ እጁ ራሱ ይመርጣል። ታላቅ ወንድሙ በግራ ስለተጫወተ ብቻ ታናሹ በግራ መጫወት የለበትም። ይህን የምንለው ዕቃ ለማውረስ ሲባል የሕፃኑን እጅ ማስገደድ ስለሚኖር ነው።

ቁመቱን በባዶ እግር ወይስ በጫማ?

ዱላው ከምላሱ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ ከልጁ ፊት ይደገፋል። ልጁ ካልሲ ብቻ አድርጎ ከሆነ የዱላው አናት ከአፍንጫው ሥር አካባቢ ሊደርስ ይገባል። የበረዶ ጫማውን አድርጎ ከሆነ ደግሞ አገጩ ዘንድ ይደርሳል። ሁለቱ መለኪያዎች በእርግጥ አንድ ናቸው፤ ልጁን ከፍ የሚያደርገው ጫማው ነው። ስለዚህ ስትለኩ ልጁ ምን እንዳጠለቀ አስቡ። በባዶ እግሩ ለክተው «አገጩ ዘንድ ይድረስ» የሚሉ ወላጆች በጣም ያጠረ ዱላ ይዘው ይመለሳሉ። በበረዶ ጫማ ለክተው «አፍንጫው ዘንድ» የሚሉ ደግሞ የረዘመ ይገዛሉ።

ለዕድገት የሚተው ትርፍ ጨርሶ የለም አንልም። ከተባለው መለኪያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ቢል ልጁ ይችለዋል። ከዚያ በላይ ግን «ያድግበታል» የሚለው ልማድ ተመልሶ ገባ ማለት ነው። እያደገ ሲሄድ አንዱ ልጅ ጥቂት አጠር ያለ፣ ሌላው ጥቂት ረዘም ያለ ሊመርጥ ይችላል። ተከላካዮች ረዘም ያለውን፣ ፓኩን በእግራቸው አቅራቢያ የሚያንቀሳቅሱት አጥቂዎች አጠር ያለውን መውደዳቸው የተለመደ ነው። ይህ ግን ጨዋታውን ከለመዱ በኋላ የሚመጣ ምርጫ ነው።

በመደብር ውስጥ ዱላዎች በአራት መደብ ተከፍለው ታገኟቸዋላችሁ። የሕፃናት፣ የታዳጊ፣ የመካከለኛና የአዋቂ ናቸው። ርዝመታቸው እንደ ፋብሪካው ጥቂት ቢለያይም የሕፃናቱ እስከ 48 ኢንች ገደማ፣ የታዳጊው ከ50 እስከ 54፣ የመካከለኛው ከ55 እስከ 58፣ የአዋቂው 60 ኢንችና ከዚያ በላይ ነው። ልዩነታቸው በርዝመት ብቻ አይደለም። የሕፃናቱ ዘንግ ቀጠን ያለ ነው፤ ትንሽ መዳፍ እንዲጨብጠው ሆኖ ተሠርቷል። ምላሱም ያንሳል። ስለሆነም የአባትን ወይም የታላቅ ወንድምን ዱላ በመጋዝ አሳጥሮ ለሕፃን መስጠት የሕፃን ዱላ አያደርገውም። አጭር የአዋቂ ዱላ ነው የሚሆነው።

ሲቆረጥ የሚጠነክረው ዘንግ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በዘንጉ ላይ ተጽፎ የምታገኙት ቁጥር፣ 20፣ 30፣ 40፣ 50፣ 65፣ 85 የሚለው፣ የዱላው የመተጣጠፍ ቁጥር ነው። በመደብሩ «ፍሌክስ» ይሉታል። ትርጉሙም ዘንጉን አንድ ኢንች ለማጉበጥ ስንት ፓውንድ ጉልበት ያስፈልጋል ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ይለምጣል፤ በበዛ መጠን ይጠነክራል።

መጉበጡ ለምን ይጠቅማል? የሆኪ ምት ከእጅ ጉልበት ብቻ አይመጣም። ተጫዋቹ ዱላውን በረዶው ላይ ሲጫነው ዘንጉ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ሲለቀው በተቃና ጊዜ ያ የታመቀ ኃይል ፓኩን ያስፈነጥረዋል። ሕፃኑ ሊያጎብጠው የማይችለው ዘንግ እንግዲህ ደጋኑ የማይሳብ ቀስት ነው። የቱንም ያህል ቢታገል ፓኩ ይሳባል እንጂ አይፈናጠርም።

ስለዚህ የተለመደው ደንብ ቁጥሩ የልጁን ክብደት በፓውንድ ለክቶ ግማሹን እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። ክብደትን በኪሎ መለካት ለለመድነው ለእኛ ደግሞ ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ። አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ስለሆነ፣ ግማሹ 1.1 ይሆናል። እንግዲያውስ የልጁ ክብደት በኪሎ ስንት እንደሆነ እወቁ፤ የዱላው ቁጥር ከዚያ ብዙም አይርቅ። 27 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 30፣ 36 ኪሎ የሚመዝን 40፣ 45 ኪሎ የሚመዝን ደግሞ 50 ይበቃዋል። ከዚህ ዝቅ ቢል አይጎዳም። ከፍ ቢል ግን ይጎዳል። 27 ኪሎ የሆነ ልጅ «የታዳጊ ዱላ ነው፤ ለዕድሜው ይሆናል» ተብሎ ባለ 50 ቁጥሩ ቢሰጠው በእጁ የያዘው እንደ ብረት ዘንግ የማይበገር ነገር ነው። በመደቡ ስም ሳትወሰኑ ቁጥሩን አንብቡ።

ቁጥር ማሳደግ የጉብዝና ምልክት የሚመስላቸው ታዳጊዎች አሉ። ለእነሱ አሌክሳንደር ኦቬችኪንን እንጥቀስላቸው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 2025 በሰሜን አሜሪካው ሊግ 895ኛ ግቡን አስቆጥሮ የዌይን ግሬትዝኪን ክብረ ወሰን የሰበረው ይህ ሰው ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ነው። የሚጠቀምበት ዱላ ግን 80 ገደማ የሆነ፣ ለእሱ ክብደት እጅግ የለመጠ እንደሆነ የታወቀ ነው።

አሁን መቁረጥን በተመለከተ አንድ ነገር እወቁ። ረጅም አርጩሜ በቀላሉ ይጎብጣል፤ ከእሱ ላይ የተቆረጠች አጭር ቁራጭ ግን እምቢ ትላለች። ዱላም እንዲሁ ነው። ባጠረ ቁጥር ይጠነክራል። ባለ 40 ቁጥር ዱላ ገዝታችሁ ጥቂት ኢንች ከቆረጣችሁለት በእጃችሁ ያለው 40 መሆኑ ቀርቷል። በአንዳንድ ዱላዎች ዘንግ ላይ የት ላይ ቢቆረጥ ቁጥሩ ስንት እንደሚሆን ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ አንብቡት። ከሁለትና ከሦስት ኢንች በላይ መቁረጥ የሚያስፈልግ ሆኖ ከተገኘ ዱላው ከመነሻው የልጁ አይደለም። ወደ ታችኛው መደብ ውረዱ።

ስትቆርጡም ጥቂት በጥቂት ይሁን። የተረፈ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ግን አይመለስም። ካርቦን ያለበት ዱላ በመጋዝ ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለምና ከቤት ውጪ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መቁረጥ ይገባል። ልጆችም ይራቁ። ካልሆነም ዕቃውን የሸጠላችሁ መደብር እንዲቆርጥላችሁ ጠይቁ።

የምላሱ ጉብጠትና አቀማመጥ

ድሮ የሆኪ ዱላ ምላሱ ቀጥ ያለ ነበር። ጉብጠቱ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቺካጎ ሲጫወቱ በነበሩት በስታን ሚኪታና በቦቢ ሃል አማካይነት ነው። ሚኪታ በልምምድ ላይ ምላሱ የተሰነጠቀና የጎበጠ ዱላ ይዞ ሲመታ ፓኩ ያልተለመደ አካሄድ እንደሄደ አስተዋለ ይባላል። ከዚያ በኋላ ጉብጠቱ ከልክ እያለፈ ስለሄደ በደንብ ተወሰነ፤ በሰሜን አሜሪካው ሊግ ዛሬ የተፈቀደው እስከ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ማለትም 1.9 ሳንቲ ሜትር ነው።

ለጀማሪ ልጅ ከመካከሉ ለስለስ ብሎ የጎበጠው ይሻለዋል። ጉብጠቱ የበዛ፣ በተለይ ጫፉ ላይ የተቆለመመ ምላስ ፓኩን ወደ ላይ ለማንሳት ይረዳል። በጀርባው በኩል መቀበልንና መምታትን ግን አስቸጋሪ ያደርጋል። ልጅ ሁለቱንም ጎን መማር ያለበት በለጋ ዕድሜው ነውና የአንዱን ጎን በር አንዝጋበት።

ሌላው «ላይ» የሚሉት ቁጥር ነው፤ ከአማርኛው «ላይ» ጋር አይምታታባችሁ። በዘንጉና በምላሱ መካከል ያለውን ማዕዘን ያመለክታል፤ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲያንስ ጋደል ይላል። ለትንሽ ልጅ በዚህ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ይሁንና ከጥቂት ሳምንት ጨዋታ በኋላ ምላሱ ላይ የተጠቀለለውን ፕላስተር ገልብጣችሁ እዩ። መሐሉ ላይ እኩል ካለቀ መልካም ነው። ተረከዙ ጋ ብቻ ካለቀ ጫፉ አየር ላይ እየተንሳፈፈ ነው ማለት ነው፤ ወይ ዱላው ረዝሟል፣ ወይ የማዕዘኑ ቁጥር በዝቷል። ጫፉ ጋ ብቻ ካለቀ ነገሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ይህች ትንሽ ፕላስተር ጨዋታውን የማያውቅ አባት እንኳ ሊያነባት የምትችል ደብዳቤ ናት።

እንጨት ወይስ ካርቦን?

እንጨት ርካሽና ጠንካራ ነው። ነገር ግን ይከብዳል፤ እንደ ልብም አይለምጥም። ከካርቦንና ከፋይበርግላስ የሚሠራው፣ በገበያ «ኮምፖዚት» የሚባለው ዱላ ቀላል ነው፤ የአዋቂው እንኳ 400 ግራም ገደማ ነው። ወጥ ሆኖ የተሠራው ኮምፖዚት ገበያውን የያዘው እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ነው። ለሕፃናትና ለታዳጊዎች የሚሆን የለመጠ ኮምፖዚት ስለሚገኝ፣ አቅም ከፈቀደ መካከለኛ ዋጋ ያለው ኮምፖዚት ለልጅ ይሻላል እንላለን። ምክንያታችንም ቀላልነቱና ለልጁ የሚስማማ ቁጥር የሚገኝለት መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲያ ባለው ዋጋ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በጣም ውዱ ዱላ ውድ የሆነበት ምክንያት ከጥቂት ግራም ቅለትና ከፈጣን ምት ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ልዩነት የሚጠቀምበት የዳበረ ጉልበትና ብዙ ዓመት የሠራ እጅ ነው። ውድ ዱላ ቶሎ አይሰበርም ማለትም አይደለም፤ ቀላሉ ዱላ በአንድ ምት ሊሰበር ይችላል። ግሬትዝኪ እ.ኤ.አ. በ1981-82 የውድድር ዘመን 92 ግብ ያስቆጠረው በእንጨት ዱላ እንደነበር ልጆች ቢያውቁ መልካም ነው።

ልጁ የሚያደንቀው ተጫዋች ይኖረዋል፤ ይህም የተፈጥሮ ነው። ከሊባኖሳዊ ቤተሰብ በኦንታሪዮዋ ለንደን ከተማ የተወለደው ናዚም ካድሪ እ.ኤ.አ. በ2022 ከኮሎራዶ ቡድን ጋር የስታንሊን ዋንጫ አንስቶ፣ ዋንጫውንም በትውልድ ከተማው ወደሚገኘው መስጊድ ይዞ ሲሄድ ስንት ልጅ እንደተደሰተ መገመት አያዳግትም። ሴቶች ልጆችም እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ጨዋታውን በጀመረው የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ውስጥ የሚያደንቋቸው ተጫዋቾች አሏቸው። ልጁ «አባዬ፣ የእሱን ዱላ ግዛልኝ» ሲል መቆጣት አያስፈልግም። «ልጄ፣ እሱም ዱላውን የመረጠው ለራሱ ቁመትና ለራሱ ጉልበት ነው። ና፣ እኛም የአንተን እንለካ» ማለት ይበቃል። ቀለሙን ልጁ ይምረጥ፤ ቁጥሩን ወላጁ ይያዝ። በዚህ ሁለቱም ይደሰታሉ።

ዱላው ቤት ከገባ በኋላ

ምላሱ ከተረከዙ ጀምሮ እስከ ጫፉ በጨርቅ ፕላስተር ይጠቀለላል፤ ፓኩ እንዳይንሸራተትበት ይረዳል። አናቱም ላይ ልጁ እጁ እንዳያመልጠው እብጥ ተደርጎ ይጠቀለላል፤ ለትንሽ መዳፍ ግን እብጠቱ አይብዛ። የኮምፖዚት ዘንግ ውስጡ ክፍት ስለሆነ የተቆረጠው አናት ያለ መክደኛ ሊተው አይገባም። ልጅ ሲወድቅ ሹል ጠርዙ ራሱንም ጓደኛውንም ሊጎዳ ይችላል። ከጨዋታ በኋላ የረጠበው ምላስ ይጠረግ። ስንጥቅ እንዳለበትም በጣት እየዳሰሳችሁ ተመልከቱ።

ልጅ ያድጋልና በየውድድር ዘመኑ መጀመሪያና መካከል አንድ አንድ ጊዜ ለኩት፤ መዝኑትም። ዱላው ጥቂት አጠረው ማለት ወዲያው አዲስ ይገዛ ማለት አይደለም። በኮምፖዚት ዘንግ አናት ውስጥ የሚገባ አጭር የእንጨት ማራዘሚያ በርካሽ ይሸጣል፤ ለጥቂት ኢንች ያገለግላል። ቁጠባ እንዲህ ሲሆን ያምራል። አሳንሶ ጀምሮ ማራዘም ይቻላል፤ አብዝቶ ጀምሮ ግን ልጁን ማራዘም አይቻልም።

ያገለገለ ዱላ መግዛትም ነውር የለበትም። ልጆች ዱላው ሳያልቅ ስለሚያልፉት በሽያጭም በስጦታም ብዙ ይገኛል። ስንጥቅ እንደሌለው፣ ጎኑ የልጃችሁ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ተቆርጦ እንደሆነም አረጋግጡ። ከተቆረጠ የተጻፈው ቁጥር እንደማይታመን ከላይ ተናግረናል። የእናንተ ልጅ ያለፈውንም ለሚቀጥለው ቤተሰብ አስተላልፉ። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ አምስትና ስድስት ቤተሰቦች ተነጋግረው ዱላ ቢለዋወጡ የሁሉም ወጪ ይቀላል። በካናዳ ደግሞ ጃምፕስታርትና ኪድስፖርት የተባሉ ድርጅቶች አቅም ላነሳቸው ቤተሰቦች ልጆች የስፖርት ወጪን በማገዝ ይታወቃሉ። ዋነኛው እገዛቸው በምዝገባ ክፍያ ላይ ነው። እነሱን መጠየቅ ለልጅ መብት መቆም ነውና አትፈሩ፤ በምዝገባው የዳነው ገንዘብ ለሚመጥን ዱላ ይተርፋል።

ውድ ወላጆች፣ እንግዲህ ወደ መደብር ስትሄዱ በወረቀት ላይ አራት ነገር ጽፋችሁ ያዙ። አንደኛ፣ በመጥረጊያው ሙከራ ዝቅ ያለው እጅ የትኛው እንደሆነ፤ ሁለተኛ፣ ልጁ በካልሲ ቆሞ ከወለል እስከ አፍንጫው ሥር ስንት እንደሆነ፤ ሦስተኛ፣ ክብደቱ በኪሎ ስንት እንደሆነ፤ አራተኛ፣ ልታወጡ ያሰባችሁት ገንዘብ። ልጁንም ይዛችሁት ሂዱ። ያለ እሱ የሚገዛ ዱላ በግምት የሚገዛ ነው። መደብሩ ውስጥ ዱላውን ያዝ አድርጎ ምላሱን ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ ይጫነው። ዘንጉ ለዓይን በሚታይ መጠን ከጎበጠለት ትክክለኛውን ይዟል። የወረቀቱ ቁጥሮች አንድ ነገር ቢሉና የልጁ እጅ ሌላ ቢል የልጁን እጅ እመኑ። እናንተ ወጣቶች ደግሞ ታናናሾቻችሁ ዱላ ሲገዛላቸው አብራችሁ ሂዱ፤ ከወላጆቻችሁ ይልቅ የመደብሩን ቋንቋ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ድረስ ደህና ሁኑ። ወሰላሙ ዐለይኩም።